«ኖርማል» ስንት ዲግሪ ነው?

ላፕቶፕ ጠጋኝ ዘንድ ሄዳችሁ «ይግላል» በሉ። መልሱ አንድ ነው፤ «ኖርማል ነው፣ ላፕቶፕ ይግላል»። ስንት ዲግሪ? ምን ሲሠራ? የሚጠይቅ የለም። የኔው ሁለት ወር ሙሉ «ኖርማል» ሲባል ከርሞ፣ ጽሑፍ ላስረክብ ስጣደፍ ድርግም አለ። ሲከፈት ፋኑ በአቧራ ታፍኗል።

እናንተዬ፣ ቁጥሩ እኮ ምስጢር አይደለም! የብዙዎቹ የኢንቴል ላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች ጣሪያ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ የአንዳንዶቹ 105። እዚያ ሲደርሱ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፤ ያ ካልበቃ ማሽኑ ይጠፋል። ስለዚህ «አልተቃጠለም» ማለት «ጤነኛ ነው» ማለት አይደለም። ጌም ላይ ወይም ቪዲዮ ሲያቀናብር 85 ቢያሳይ አትደንግጡ። ጽሑፍ ብቻ እየጻፋችሁ 90 ካሳየ ግን ታሟል።

«አልጋ ላይ ስለምትጠቀሚ ነው» የሚሉም አሉ። እውነት አላቸው፤ ብርድ ልብስ የአየር መግቢያውን ይደፍናል። ጥፋቱን ሁሉ ተጠቃሚ ላይ መለጠፍ ግን የቆየ ዘዴ ነው። ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2008 አንዳንድ የላፕቶፕ ግራፊክስ ቺፖቹ ከተለመደው በላይ እየተበላሹ መሆኑን አምኖ፣ ለጥገናና ለምትክ ከ150 እስከ 200 ሚሊዮን ዶላር እንደሚይዝ አስታወቀ። የቺፑና የማሸጊያው ቁስ ደካማ መሆኑን ሲጠቅስ፣ ከጎኑ የላፕቶፖቹን የማቀዝቀዣ ንድፍና «የደንበኞችን አጠቃቀም» ደረደረ። ገዢዎች ግን ዝም አላሉም፤ ከሰሱ። በ2010 በተደረሰው ስምምነት የቺፕ ቅያሪ፣ ምትክ ላፕቶፕና የጥገና ወጪ ተመላሽ ተፈቀደላቸው።

አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። አየሯ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ ፋን በአንድ ዙር ጠራርጎ የሚያወጣው ሙቀትም ያንሳል። በዚህ ላይ አቧራ ሲጨመር አስቡት።

የምጠይቀው ቀላል ነው። ጠጋኙ ላፕቶፑን ከመክፈቱ በፊት ሙቀቱን ይለካ። ፋኑን አጽድቶ ተርማል ፔስቱን ከቀየረ በኋላ፣ ያንኑ ሥራ እያሠራ ደግሞ ይለካ። ሁለቱን ቁጥሮች ደረሰኙ ላይ ይጻፍልን። መለኪያው በነጻ የሚገኝ ሶፍትዌር ነው፤ ሰበብ የለም። እኛም ቁጥሮቹን ሳናይ አንክፈል። የዓመት ቁጠባችንን ያፈሰስንበት ዕቃ ነውና፣ «ኖርማል ነው» ሲሉን አንገታችንን ነቅንቀን አንውጣ።

ስንት ዲግሪ ነው ወንድሜ?