ጥቂት መብላት ዕድሜን ያረዝማልን?

አንባቢ ሆይ፣ ባሕር ዳር ከወዳጅ ቤት በእንግድነት ተቀምጠው እንደ ሆነ «በቃኝ» ማለት ምን ያህል እንደሚያስቸግር ያውቁታል። የቤቱ እመቤት «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ!» ብላ ታጐርስዎታለች። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላልና ሁለተኛዋም ትከተላለች። ሊቃውንት የሚሉት እውነት ከሆነ ግን በዚያች ጉርሻ የሚያጥረው የምላሺቱ ሳይሆን የእንግዳው ዕድሜ ነው። እስቲ ነገሩን እንመርምረው፤ ዓመቶቹን የምጽፋቸው በፈረንጅ አቈጣጠር ነው።

በ1935 በአሜሪካ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ክላይቭ ማኬይ የሚባል የምግብ ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ አይጦችን በየወገኑ ለይቶ አሳደገ። አንዳንዶቹ እንዳሻቸው ይበላሉ፤ ለሌሎቹ ተሰፍሮ ይሰጣቸዋል። የተሰፈረላቸው አይጦች ዕድገታቸው ዘገየ፤ ነገር ግን በተለይ ወንዶቹ ከጠገቡት አብልጠው ኖሩ። ልብ ይበሉ! የተቀነሰባቸው ኃይል ሰጪው ምግብ ነው እንጂ ቪታሚንና ማዕድን አልጐደለባቸውም።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ በጦጣዎች ተሞከረ። በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ምግባቸው የተቀነሰባቸው ጦጣዎች ረዘም ያለ ዕድሜ እንዳገኙ በ2009 ተነገረ። በሌላ የአሜሪካ መንግሥት የምርምር ተቋም ደግሞ የዕድሜ ልዩነት አልታየም ተብሎ በ2012 ተጻፈ። ሊቃውንቱ በኋላ ተሰብስበው ሲመረምሩት፣ በዊስኮንሲን የሚነጻጸሩት ጦጣዎች ስኳር የበዛበትን ምግብ እስኪጠግቡ ይበሉ ነበር፤ በሁለተኛው ቦታ ግን የሚነጻጸሩትም ቢሆኑ ከመጀመሪያው በልክ ይመገቡ ነበር። እንግዲህ «ጥቂት መብላት» ሲባል «ከምን ያነሰ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ይህን ሳነብ ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል የሚያስኬደው ዘጌ ትዝ አለኝ። በዚያ በጥንቱ ልማድ መሬት አይታረስም፤ ሰው የሚኖረው በቡናው፣ በጌሾውና በሎሚው ነው። በገዳማችን ሥርዓት መነኩሴ የሚቀበለው የዕለት ምግብ መቁነን ይባላል፤ ትርጓሜውም ስፍር፣ ድርሻ ማለት ነው። ቢጥመውም ባይጥመውም ያው ስፍሩ ነው፤ «በሞቴ» የሚለውም የለም። የመነኮሳት ሽበት የጾም ፍሬ ነው ሲሉ እሰማለሁ። ነገር ግን መነኩሴ በእግሩ ይሄዳል፣ በጊዜ ይተኛል፣ በሥራ ይደክማል። ስለዚህ ምስጋናውን ሁሉ ለሆዱ ባንሰጥ ይሻላል።

እኛ ከተሜዎች ግን 55 ቀን ከሥጋና ከቅቤ ተለይተን፣ አንዳንዶቻችንም እስከ 9 ሰዓት ቆይተን፣ የፋሲካ ዕለት በዶሮው፣ በቅቤውና በጠላው ሁሉን በአንድ ሳምንት እንመልሰዋለን። በጾሙም ወራት ቢሆን ዘይት የሚንሳፈፍበት ወጥ በሦስት እንጀራ ከተበላ ሰውነት ጾም መሆኑን አያውቀውም። ቀድሞ በብስክሌት ይታወቅ የነበረው የባሕር ዳር ሰው ዛሬ ገበያ ለመሄድም ባጃጅ ይጠራል፤ ይህም በሒሳቡ ይገባል።

አሁን ወደ ከበደው ነገር ልምጣ። በዚሁ በአማራ ክልል፣ በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ5 ዓመት በታች ከሆኑት ከመቶ ሕፃናት 46ቱ የቀነጨሩ ሆነው ተገኝተዋል። ቆሮሶና አምባዛ በሚወጣበት ሐይቅ ዳር ይህን መጻፍ ያሳፍራል። የማኬይ አይጥ ዕድገቱ ዘግይቶ ዕድሜ አገኘ ብሎ ከልጅ ሳሕን የሚቀንስ ወላጅ ከባድ ስሕተት ይሠራል። አይጡ ንጹሕ ቤት ነበረው፤ ተቅማጥና ወባም አይጠብቁትም ነበር። ከ1990 ወዲህ የኢትዮጵያዊ አማካይ ዕድሜ ከ50 በታች ከነበረበት ከ60 በላይ የደረሰው ሕፃናት ከሞት በመትረፋቸው ነው እንጂ በመራባቸው አይደለም።

ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናትም እንዲሁ ናቸው፤ የነፍስ አባታቸውን ያማክሩ። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ ምግብ አይዝለል፤ ስኳሩ በድንገት ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። ሽማግሌም ምግብ ሲቀንስ ሥጋው አብሮ ይመነምናልና ሽሮውንና ምስሩን አይተው። በአሜሪካ ከ200 የሚበልጡ ጤነኞች ለ2 ዓመት በተፈተኑበት ጥናት ምግባቸውን ሩብ ሊቀንሱ አስበው የቻሉት 12 ከመቶ ገደማ ነው። የደም ግፊታቸውና ኮሌስትሮላቸው ተሻሻለ፤ የአጥንታቸው ጥንካሬ ግን ጥቂት ቀነሰ።

ቦርጭዎ ቀበቶውን የሚገፋ ከሆነ ግን ይህ ጽሑፍ ለእርስዎ ነው። ችግሩ የእኛ ማዕድ የጋራ በመሆኑ ማን ስንት እንደ በላ አለመታወቁ ነው። ከትሪው ፊት ለፊትዎ ያለውን ድርሻ በዓይንዎ ይከልሉ፤ ተጨማሪ እንጀራ ሲመጣም እጅዎን ይታጠቡ። አንድ ወዳጄ ደግሞ ቀላል ዘዴ አግኝቷል። ገና ሲቀመጥ «ሐኪም ከልክሎኛል» ይላል። እስካሁን ያልተረታለት የጎረቤቱ ባልቴት ብቻ ናቸው፤ እሳቸው «ሐኪሙንም ጥራው፣ አብሮ ይብላ» ይሉታል።