«አልተገኘም» ስትሉ፣ ከስንት በታች?

ግልጽ ደብዳቤ ለውኃ ጥራት ላቦራቶሪ ኃላፊዎች

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣

ሰሞኑን ከአንድ ላቦራቶሪ የወጣ የጉድጓድ ውኃ ውጤት እጄ ገባ። ኒኬል በሚለው ረድፍ «አልተገኘም» ተብሎ ተጽፏል፤ ከጎኑ የዓለም ጤና ድርጅት ጣሪያ፣ በሊትር 0.07 ሚሊግራም፣ ተቀምጧል። ፊርማውም ማኅተሙም አልጎደለም። መሣሪያው ከስንት በታች ማየት እንደማይችል ግን የትም አልተጻፈም። ብጠይቅ፣ ካሊብሬሽኑ የተጀመረው ከ0.5 ነው። ከጣሪያው ሰባት እጥፍ ማለት ነው! በኩንታል ሚዛን ቀለበት ያስቀመጠ ሰው «ክብደት የለውም» ቢል ማን ይሰማዋል?

ጥፋቱ የማሽኑ አይደለም። ፍሌም ኤኤኤስ በደንብ ከተያዘ ኒኬልን እስከ 0.02 አካባቢ ይለያል፤ እምነት የሚጣልበት ቁጥር የሚሰጠው ግን ከዚያ በብዙ ከፍ ብሎ ነው። ለመጠጥ ውኃ ጣሪያውን 0.02 ላይ ባደረገው በአውሮፓ ኅብረት መለኪያ ብንሄድማ ጭራሽ አይሆንም። «ግራፋይት ፈርነሱ ተበላሽቷል፣ አርጎን የለም» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ በጀቱም ያው ነው። ታዲያ ናሙናውን ማጠንከር ማን ከለከለ? ግማሽ ሊትር ውኃ ናይትሪክ አሲድ ጨምራችሁ፣ ሳይፈላ ቀስ እያለ እንዲተን አድርጋችሁ ወደ 25 ሚሊሊትር ብታወርዱት ሃያ እጥፍ ይጠነክራል፤ 0.07 የነበረው 1.4 ይሆናል፣ ፍሌሙም ያየዋል። ብላንኩም በዚያው መንገድ ይለፍ፤ አሲዱ ውስጥ ያለው ርኩሰት አብሮ ይጠነክራልና። ካልሲየሙና ጨውም እንደዚያው ነው፤ በ232.0 ናኖሜትር ብርሃኑን በትነው የሌለ ኒኬል ያሳያሉ። ስለዚህ የባክግራውንድ ማስተካከያው ሳይበራ አትለኩ። ናሙናው ላይ የታወቀ መጠን ጨምራችሁ ተመልሶ መምጣቱንም እዩ። እኔ በበኩሌ ይህን ያላደረገ ላቦራቶሪ የሚሰጠኝን ቁጥር አላምንም።

ለነገሩ ብዙው የሚበላሸው መሣሪያው ጋ ከመድረሱ በፊት ነው። ደንበኛው በሃይላንድ ጠርሙስ ቀድቶ፣ አሲድ ሳይገባበት፣ ቀናት አሳድሮ ያመጣዋል፤ እናንተም ትቀበሉታላችሁ። ፒኤቹ ከ2 በታች ካልወረደ ኒኬሉ ከጠርሙሱ ግድግዳና ከደለሉ ጋር ይጣበቃል፤ ከላይ የጠራውን ቀድቶ የሚለካም የቀረውን ብቻ ነው የሚለካው። በአሲድ የታጠበ ጠርሙስ ለደንበኛው አስቀድሞ መስጠት ይህን ያህል ከባድ ነው?

የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። በውጤት ወረቀቱ ላይ አንድ ረድፍ ጨምሩ፤ ዲቴክሽን ሊሚታችሁን፣ የሌላ አገር ማኑዋል ላይ ያለውን ሳይሆን በራሳችሁ ብላንክ ያወጣችሁትን፣ እዚያ ጻፉ። 0.5 ከሆነም «ከ0.5 በታች» በሉ፤ ውኃውን ሌላ ቦታ ያስለካው እንደሆነ ደንበኛው ራሱ ይወስን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የውኃ ኬሚስት