ድምፁ የት ገባ?



ውድ አንባብያን! «ብመርጥስ ምን ላመጣ?» የሚል ወጣት በየቤታችን አለ። ከመቆጣታችን በፊት ስሌቱን አብረነው እንመልከት።

በአርሲ ደጋ፣ ከጭላሎ ተራራ ግርጌ ባለ አንድ የምርጫ ክልል ሦስት ዕጩዎች ቀረቡ እንበል። ከ100 መራጮች 40ው ለአንዱ፣ 35ቱ ለሌላው፣ 25ቱ ለሦስተኛው ድምፅ ሰጡ። ቆጠራው እንከን የለበትም። ወንበሩን የሚወስደው ግን ባለ 40ው ነው፤ የ60ዎቹ ድምፅ ምክር ቤት ሳይደርስ ይቀራል።

የአገራችንም ሥርዓት ይኸው ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 በየምርጫ ክልሉ አብላጫ ድምፅ ያገኘ ዕጩ እንዲመረጥ ይደነግጋል። በ2007 ዓ.ም. 547ቱም መቀመጫዎች በኢሕአዴግና በአጋሮቹ ተያዙ። ተቃዋሚዎች እስርና ወከባ ደርሶብናል ብለው ስለነበር፣ ነገሩን ሁሉ በስሌቱ ማሳበብ አይቻልም። ሆኖም ተቃዋሚን የመረጠ ዜጋ በምክር ቤቱ አንድም ተጠሪ አላገኘም። ከስድስት ወር ገደማ በኋላ ኦሮሚያ፣ አርሲም ጭምር፣ በተቃውሞ ተናወጠ። መነሻው የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ቢሆንም፣ ቅሬታውን በምክር ቤት የሚያሰማለት ያጣ ሕዝብ አደባባይ ወጣ። በመስከረም 2009 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ሙላቱ ተሾመ የምርጫ ሕጉ እንደሚሻሻል ለምክር ቤቱ ተናገሩ። የ2013ቱ ምርጫ ግን በዚያው በአብላጫ ድምፅ ተካሄደ።

እንደኛ የደጋ አገር የሆነችው ሌሶቶም ይህን አይታለች። እ.ኤ.አ. በ1998 አንድ ፓርቲ 60 በመቶ ያህል ድምፅ አግኝቶ ከ80 መቀመጫዎች 79ኙን ወሰደ። ሁከት ተነሣ፤ የደቡብ አፍሪካና የቦትስዋና ጦር ገባ። በ2002 ምርጫ ሌሶቶ በ80ዎቹ ላይ በድምፅ ድርሻ የሚታደሉ 40 መቀመጫዎች ጨመረች፤ 40ዎቹም ለሌሎች ፓርቲዎች ደረሱ። ይህም ዋጋ አለው፤ ፓርቲዎች በዝተው ጥምር መንግሥታት ሲፈርሱ ከ2012 እስከ 2017 ሦስት ጊዜ ምርጫ ተደርጓል።

እንግዲህ እምነት ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ ቆጠራው አማና የተጠበቀበት እንዲሆን፣ የተሸነፈውም ድርሻውን እንዲያይ። ሁለተኛው በአገራችን ሕገ መንግሥት ማሻሻልን የሚጠይቅ በመሆኑ የሚመጣው ሕዝብ ሲወያይበት ነው። ወላጆች ሆይ! ከልጆቻችሁ ጋር ይህን ስሌት ወረቀት ላይ ሥሩት፤ ለዕጩዎችም «የ60ዎቹን ድምፅ ምን ታደርጉታላችሁ?» የሚል ጥያቄ አቅርቡ።

ወላሁ አዕለም።