ለሽያጭ የቀረበው ቤት የማን ነው?
የከተማ ቤትና ቦታን በሚመለከት የፓርቲያችን አቋም

የተከበራችሁ የጎንደር ከተማ መራጮች፣

በአራዳና በፒያሳ ዙሪያ ሁላችንም የምናውቀው ዓይነት ቤት አለ። ጣሪያው አንድ፣ ግቢው አንድ ነው፤ መሐሉን ግን ግድግዳ ይከፍለዋል። በአንዱ ወገን ከአባቱ የወረሰ ባለካርታ፣ በሌላው ወገን ለቀበሌ ኪራይ የሚከፍል ቤተሰብ ይኖራል። ሁለቱ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን አብረው አሳድገዋል፤ በአንድ ዕድር ተቀባብረዋል። ዛሬ አካባቢው ሲለወጥና ደላላው ሲበዛ ባለካርታው ድርሻውን ለመሸጥ ይነሣል። ያን ጊዜ ጥያቄው ይመጣል፦ የሚሸጠው ምኑ ነው?

ይህ ቤት ለሁለት የተከፈለው በነዋሪዎቹ ፈቃድ አይደለም። ደርግ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታ ያለ ካሣ የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ከልክሎ የቀረውን «ትርፍ ቤት» በሚል ወረሰ። ኪራያቸው ዝቅተኛ የሆኑት ቤቶችም በቀበሌ እጅ ገቡ።

ደርግ በ1983 ዓ.ም. ወደቀ፤ የመሬት ሥሪቱ ግን አልወደቀም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40(3) መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ሲል ያንኑ አጸና። የዚሁ አንቀጽ ንዑስ አንቀጽ 7 ደግሞ ዜጋ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በሠራው ቋሚ ንብረት ላይ ሙሉ መብት እንዳለው፣ ሊሸጠውና ሊያወርሰው እንደሚችል ይደነግጋል። ይህ መብት በተግባር ምን ሆነ? በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ነባር ይዞታ ከውርስ በስተቀር በማናቸውም መንገድ ሲተላለፍ ገዢው ቦታውን በሊዝ ብቻ እንዲይዝ ደነገገ። በመሆኑም ከአያት የመጣ ይዞታ ውሉ በተፈረመ ማግሥት የጊዜ ገደብ ያለው ኪራይ ይሆናል። ገዢም የሊዙን ዕዳ አስልቶ ከዋጋው ይቀንሳል፤ ጉዳቱ በሻጩ ላይ ይወድቃል።

ተከራዩስ? ወላጆቹ ከገቡበት 50 ዓመት ያለፈውን ቤት መሸጥ ወይም ለባንክ ብድር ማስያዝ አይችልም። ነገ ሊነሣ በሚችልበት ቤት ላይ ገንዘቡን ለማፍሰስም አይደፍርም። ባለካርታው ግማሽ ግድግዳ ይዞ አፍርሶ መሥራት ያቅተዋል፤ ተከራዩ የራሱ ያልሆነውን አያድስም። ቤቱ በሁለቱ መካከል ያረጃል። ከዚያም «አሮጌ መንደር ነው» ተብሎ ይፈረድበታል።

እንግዲህ ሐቁ ይህ ነው፦ ሁለቱ ቤተሰቦች የሚጣሉበት ምክንያት የለም። ሁለቱም የአንድ አከራይ ጭሰኞች ናቸው፤ አከራዩም መንግሥት ነው።

ኢሕአዴግ «መሬት ከተሸጠ ድኃው ይፈናቀላል» እያለ ሲከራከር ኖረ፤ ብልጽግናም ሥሪቱን ሳይነካ ተረከበው። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባው አራዳ፣ በፒያሳና በዶሮ ማነቂያ፣ የኖሩ ቤቶች በኮሪደር ልማት ስም ፈረሱ። ነዋሪውን ያስነሣው መሬት የገዛ ባለሀብት ነበርን? አልነበረም! ያስነሣው መሬቱ የእኔ ነው ያለው መንግሥት ነው። የካሣው ሕግ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1161 መሻሻሉን አንክድም። ሆኖም ምትክ ቦታ ወይም ምትክ ቤት ቢሰጥም የሚገመተው ቤቱ እንጂ መሐል ከተማነቱ አይደለም። የኮሪደሩ ሥራ ወደ ጎንደርም ደርሷልና ጉዳዩ የሩቅ ወሬ አይደለም። ከተማችን አትልማ አንልም፤ የምንለው ልማቱ ባለቤቱን አይብላ ነው።

ስለዚህ ፓርቲያችን የሚከተለውን ቃል ይገባል፦

1. የከተማ ቦታ የግል ባለቤትነት እንዲፈቀድ የአንቀጽ 40(3) ማሻሻያ እናቀርባለን። አንቀጽ 105(1) ለዚህ የሁሉንም ክልል ምክር ቤቶች አብላጫ ድምፅና የሁለቱን የፌዴራል ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጠይቃል። መንገዱ ረጅም ነው። ቀጥለው ያሉት ግን በተራ ሕግ የሚፈጸሙ ናቸው።

2. ነባር ይዞታ በመሸጡ ምክንያት ወደ ሊዝ መግባቱ ይቀራል።

3. የቀበሌ ቤቶች ለነዋሪዎቻቸው በረጅም ጊዜ ክፍያና በአቅማቸው ልክ ይሸጣሉ። ማንም ነባር ተከራይ ተገዶ አይወጣም። ቤቱ ተወርሶበት ካሣ ያልተከፈለው ባለንብረት ወይም ወራሹ ከሽያጩ ገቢ ይካሣል።

4. ግድግዳ የሚጋሩ ሁለት ቤተሰቦች አንዱ ሲሸጥ ሌላው ቅድሚያ የመግዛት፣ ከፈለጉም በጋራ የማልማት መብት ይኖራቸዋል።

5. ካሣ የቦታውንም የገበያ ዋጋ ይጨምራል። ባለይዞታው ቅሬታ ካቀረበ ፍርድ ቤት ውሳኔ ሳይሰጥ ቤት አይፈርስም።

መራጮች ሆይ! ቅስቀሳ ሊያደርግ ቤታችሁ የሚመጣውን ዕጩ ሁሉ፣ የእኛንም ጭምር፣ አንድ ነገር ጠይቁት፦ «ይህ የተቀመጥክበት ቤት የማን ነው?» «የእናንተ ነው» ብሎ በሕግ ሊያጸናላችሁ ለተዘጋጀው ድምፃችሁን ስጡ!

የፓርቲው ዋና ጸሐፊ