ስልክ ቁጥር የአገልግሎት ቁልፍ በሆነበት ወቅት የግል መረጃን መጠበቅ

አንድ ተገልጋይ ከሚያውቁት ሰው የቴሌግራም አካውንት አጭር መልእክት ይደርሳቸዋል። “በስሕተት ወደ እርስዎ ስልክ የተላከ ኮድ አለ፤ እባክዎ መልሰው ይላኩልኝ” የሚል ነው። ላኪው የታወቀ ሰው ነው፤ ስሙም ፎቶውም የራሱ ነው፤ የተጠየቁትም ጥቂት አሃዞች ብቻ ናቸው። ኮዱ በተላከ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ግን የተገልጋዩ አካውንት በሌላ ሰው እጅ ይገባል። ከዚያም በስማቸው ለዘመድ፣ ለሥራ ባልደረባ፣ ለዕድርና ለዕቁብ ግሩፕ “አስቸኳይ ጉዳይ ገጥሞኛል፤ በቴሌብር ገንዘብ ላኩልኝ” የሚል ጥሪ ይተላለፋል። መጀመሪያ ኮዱን የጠየቀው የወዳጅ አካውንትም ቢሆን ቀደም ብሎ በዚሁ መንገድ የተወሰደ ነው።

ይህ የማጭበርበር ዘዴ አዲስ አይደለም፤ ሲነገርበት ቆይቷል። ሆኖም አሁንም ሰዎች እየተታለሉበት መሆኑ ምክንያቱን መመርመር ተገቢ ያደርገዋል። በዚህ ድርጊት ውስጥ የተሰበረ ቴክኖሎጂ የለም። አጥፊው የሚጠቀመው በሰዎች መካከል ያለውን መተማመን ነው። ችግር ደረሰብኝ ያለን ሰው “ለምን? እንዴት?” ብሎ መመርመር በማኅበረሰባችን እንደ ነውር ይቆጠራል፤ ያለው ያለውን ይልካል። በዋሽንግተን ወይም በዱባይ የሚኖር ዘመድ ደግሞ በአካል ሄዶ ማረጋገጥ ስለማይችል ለጉዳቱ ይበልጥ የተጋለጠ ነው። ስለሆነም የገንዘብ ጥያቄ በጽሑፍ ሲመጣ ስልክ ደውሎ ድምፅን መስማት አለማመን ሳይሆን ለጠያቂውም ለተጠያቂውም የሚበጅ ጥንቃቄ ነው።

ጉዳዩን ከቀድሞው ይበልጥ አሳሳቢ ያደረገው የስልክ ቁጥር በዜጎች ሕይወት ውስጥ የያዘው ስፍራ መለወጡ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ስልክ መደወያ ብቻ ነበር፤ አካውንቱ የተወሰደበት ሰው ከእፍረት ያለፈ ጉዳት ብዙም አይደርስበትም ነበር። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የስልክ ቁጥር የገንዘብ ሒሳብ ቁጥር ሆኗል። 12 አሃዝ ያለው የፋይዳ ልዩ ቁጥርም ከባለቤቱ ስልክ ጋር ተያይዞ ይመዘገባል፤ ማንነትን በርቀት ለማረጋገጥም ወደተመዘገበው ስልክ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል የይለፍ ኮድ ይላካል። ቀደም ሲል ተገልጋይ በመስኮት ቀርቦ መታወቂያውን ሲያሳይ ባለሙያው ፊቱን ከፎቶው ጋር ያመሳክር ነበር። ዛሬ በበርካታ አገልግሎቶች ይህንን ማመሳከር የሚተካው ያ ኮድ ነው። ኮዱን ለሌላ መስጠት እንግዲህ ፊትን አውሶ እንደመላክ ይቆጠራል።

በሌላ በኩል ብዙው መረጃ በስርቆት ሳይሆን በባለቤቱ ፈቃድ የሚወጣ ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የማኅበራዊ ሚዲያ ገጾች ሥር ሙሉ ስማቸውን፣ ስልክ ቁጥራቸውንና የመዝገብ ቁጥራቸውን ጽፈው “ጉዳዬ የት ደረሰ?” የሚሉ ተገልጋዮች አሉ። ምላሽ ሳያገኙ ለቆዩ ሰዎች ይህ የመጨረሻ አማራጭ ሊመስል እንደሚችል መገንዘብ ይገባል፤ እዚህ ላይ ወቀሳው ወደ ተገልጋዩ ብቻ የሚያመለክት አይደለም። በአደባባይ “ስልክዎን እዚህ ያስቀምጡልን” ብሎ የሚመልስ ባለሙያም የችግሩ አካል ነው። ይሁንና መረጃው በግልጽ በሰፈረ ማግስት አንድ ሰው ይደውልና “ከመሥሪያ ቤቱ ነው፤ የመዝገብ ቁጥርዎ ይህ አይደለም?” ሊል ይችላል። ቁጥሩ ትክክል በመሆኑ ተገልጋዩ ያምናሉ። ቀጥሎ የሚመጣው ጉዳዩን ለማፋጠን የሚከፈል ገንዘብ ወይም በስልካቸው የደረሰ ኮድ ነው። የአጭበርባሪው ተአማኒነት የተገነባው ተገልጋዩ ራሳቸው በጻፉት መረጃ ነው።

ከዚህ የማይተናነሰው የመታወቂያና የፓስፖርት ምስል ጉዳይ ነው። ሥራ እናስቀጥራለን ወይም ወደ ዓረብ አገራት እንልካለን በሚሉ የቴሌግራም ቻናሎች የፋይዳ ካርድና የፓስፖርት ፎቶ በሁለቱም ገጽ እንዲላክ ይጠየቃል። ምስሉ አንዴ ከተላከ በኋላ የት እንደሚከማች፣ ለማን እንደሚተላለፍና በስንት ሰው ስልክ ውስጥ እንደሚቀመጥ ላኪው የሚያውቅበት መንገድ የለም። የማስረጃ ቅጂ መስጠት ግድ በሚሆንበት ጊዜ በቅጂው ላይ ለማን፣ ለምን ጉዳይና በየትኛው ቀን እንደተሰጠ አቋርጦ መጻፍ ሰነዱ ለሌላ ዓላማ እንዳይውል ያከብደዋል። በወረቀት ዘመን የነበረ ልማድ ቢሆንም ለዲጂታል ቅጂም ያገለግላል።

የልጆች ፎቶም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይሻል። የትምህርት ቤቱ ስም የተጻፈበት ዩኒፎርም ለብሶ በር ላይ የቆመ ሕፃን ፎቶ፣ በተለይ ከልደት ቀንና ከሙሉ ስም ጋር ሲለጠፍ፣ ልጁ በየሰዓቱ የት እንደሚገኝ ለማያውቁት ሰው ይናገራል። በስልክ የተነሳ ፎቶ በውስጡ የተነሳበትን ቦታ የሚገልጽ መረጃ ይዞ ሊቀር እንደሚችልም ብዙዎች አያስተውሉም። በቴሌግራም ፎቶ በተለመደው መንገድ ሲላክ ይህ መረጃ አብሮ አይሄድም፤ ጥራቱ እንዳይቀንስ ተብሎ በፋይል መልክ ሲላክ ግን ሳይነካ ይደርሳል።

የሕግ ማዕቀፉን በተመለከተ፣ የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን የመጠበቅ መብት በፖስታ፣ በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎች የሚደረጉ ግንኙነቶችን እንደሚጨምር ደንግጓል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በኮምፒውተር አማካይነት የሚፈጸም ማታለልን፣ የኤሌክትሮኒክ ማንነት ስርቆትንና ማስፈራራትን በወንጀል ያስቀጣል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የዜጎችን መረጃ የሚሰበስቡ ተቋማትን ግዴታ ወስኖ፣ የመረጃው ባለቤት ስለ እርሱ የተያዘውን የማወቅና የተሳሳተውን የማስተካከል መብት ሰጥቷል። አፈጻጸሙን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በመሆኑም ማንኛውም ተገልጋይ መረጃ ሲጠየቅ “ለምን ዓላማ ነው?” ብሎ መጠየቁ መብቱ እንጂ ድፍረት አይደለም። የሕጉ ወሰን ግን መታወቅ አለበት፤ ሕጉ አጥፊውን ሊቀጣ ይችላል፣ በሺህ ስልኮች የተሰራጨን ምስል ግን መልሶ አይሰበስብም።

አካውንትን አስቀድሞ ለመጠበቅ የሚያስፈልገው ሥራ ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም። በቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ “ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ” በሚለው ክፍል “ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን” የተባለውን አማራጭ በማብራት ተጨማሪ የይለፍ ቃል ማስቀመጥ ይቻላል። ይህ ከተደረገ አጥፊው ኮዱን ቢያገኝ እንኳ የይለፍ ቃሉን ካላወቀ መግባት አይችልም። በዚያው ክፍል ስልክ ቁጥርን ማን ማየት እንደሚችል መወሰን ይቻላል፤ ብዙ ሰው በማያውቃቸው ግሩፖች ውስጥ ስለሚገኝ ይህን መገደብ ተገቢ ነው። ዋትስአፕና ፌስቡክም ተመጣጣኝ አማራጮች አሏቸው። የቴሌብር የምስጢር ቁጥር ግን ለማንም፣ ከኢትዮ ቴሌኮም ነኝ ለሚል ደዋይም ቢሆን፣ አይነገርም።

ኮዱ ቀድሞ ከተሰጠስ? እዚህ ላይ ሰዓት ወሳኝ ነው። ቴሌግራም አዲስ የገባ መሣሪያ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ሌሎች መሣሪያዎችን ከአካውንቱ እንዳያስወጣ ይከለክላል። ባለቤቱ ከራሳቸው ስልክ ሳይወጡ ወደ ሴቲንግ ገብተው “ዲቫይስስ” በሚለው ሥር የማያውቁትን መሣሪያ ወዲያውኑ ሊያስወጡ ይችላሉ። ብዙዎች ደንግጠው አፕሊኬሽኑን ከስልካቸው ያጠፋሉ፤ ይህ ስሕተት ነው፤ በእጃቸው ያለውን ብቸኛ ብልጫ በገዛ እጃቸው ያጡታል። ከዚያ በኋላ የይለፍ ቃል ማስቀመጥ፣ ለወዳጅ ዘመድ በስልክ ማሳወቅ፣ ገንዘብ ተልኮ ከሆነም ሳይዘገዩ ወደ ኢትዮ ቴሌኮም 994 መደወል ይከተላል።

የግል ምስል ተይዞባቸው “ካልከፈልሽ እበትነዋለሁ” የሚባሉ፣ በአብዛኛው ወጣት ሴቶች የሆኑ ተጎጂዎች ሁኔታ ከሁሉም የከበደ ነው። እፍረት ዝም ያሰኛቸዋል፤ አስፈራሪውም የሚተማመነው በዚሁ ዝምታ ነው። አንዴ የተከፈለ ገንዘብ ጥያቄውን አያቆመውም፤ ከፋይ መሆናቸውን ብቻ ያረጋግጥለታል። ቤተሰብ በዚህ ጊዜ የመጀመሪያ ጥያቄው “ለምን ላክሽ?” ከሆነ ተጎጂዋ ወደ ሕግ የምትሄድበት በር ያኔውኑ ይዘጋል።

ለፖሊስ አቤቱታ ለማቅረብ የሚያስፈልገው ማስረጃ በተጎጂው ስልክ ውስጥ ያለው ነው። መልእክቶቹ፣ የላኪው የተጠቃሚ ስምና ስልክ ቁጥር፣ ቀኑና ሰዓቱ በስክሪን ሾት ተይዘው መቀመጥ አለባቸው፤ ንግግሩን ማጥፋት ወይም ላኪውን ቀድሞ ብሎክ ማድረግ ምርመራውን ያዳክማል። የተከፈለ ገንዘብ ካለ የዝውውሩ የማረጋገጫ መልእክትም አብሮ ይቀርባል። አዋጅ ቁጥር 958/2008 አገልግሎት ሰጪዎች የኮምፒውተር ትራፊክ ዳታን ቢያንስ ለአንድ ዓመት ይዘው እንዲቆዩ ያስገድዳል። ከዚህ ጊዜ በኋላ የሚቀርብ አቤቱታ የሚፈለገው መረጃ ከእነርሱ ዘንድ ላይገኝ ይችላል።