ከጆሮ የሚወጣ መግል ችላ አይባል

በሰኮሩና በአካባቢዋ የሕፃን ጆሮ ሲመግል ብዙ ወላጅ «ሲያድግ ይተወዋል» ይላል። አንዳንዱ ዘይት ያንጠባጥብበታል፤ ሌላው በጥጥ ወትፎ ይተወዋል። በእኔ አስተያየት ይህ ቸልታ ለሞት የሚያደርስ ስሕተት ነው። ጆሮንና አንጎልን የሚለየው አጥንት እጅግ ስስ ነውና፣ የቆየ መግል ቦርቡሮት አልፎ በአንጎል ውስጥ ሊቋጠር ይችላል።

በሽታው በምን ይታወቃል? መጻሕፍት ራስ ምታትን፣ ትኩሳትንና የአንድ ወገን አካል መድከምን ይጠቅሳሉ። ዳሩ ግን ሦስቱ ባንድነት የሚታዩት ከ5 በሽተኞች በ1 ገደማ ብቻ ነው፤ በግማሽ ያህሉም ላይ ትኩሳት አይገኝም። ስለዚህ ገላው አልተኮሰምና ደኅና ነው ማለት አይገባም።

በዚህ ነገር የመምህር ዓይን የሐኪምን ይቀድማል። ጆሮው የሚመግል ተማሪ ራሱን እያመመው ቢያስታውከው፣ ከወትሮው ይልቅ ቢያንቀላፋ፣ የእጅ ጽሕፈቱ በጥቂት ቀን ውስጥ ቢበላሽ፣ ሲራመድ ቢንገዳገድ፣ ወይም እርሳስ እያየ ስሙ ቢጠፋበት፣ ሰነፍ ተብሎ ሊቀጣ አይገባውም። በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ። ድንገት ቢጥለውም «መንፈስ ነው» ተብሎ አይቆይ፤ ጸሎትም ሆነ ዱዓ የሐኪምን መንገድ አይዘጋም።

የጤና ጣቢያ ሥራ መጠርጠርና ሳይዘገዩ ወደ ጅማ መላክ ነው። እርግጡ የሚታወቀው በሲቲ ስካን ወይም በኤምአርአይ ነው። ከጀርባ ውሃ መቅዳት ግን አንጎልን ወደ ታች ሊያንሸራትት ስለሚችል ያሰጋል። በሽታው ከታወቀ በኋላ መግሉ ይቀዳል፤ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒትም አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በደም ሥር ይሰጣል።

የስኮትላንዱ ቀዳጅ ሐኪም ዊልያም ማክዩወን፣ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1893 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በዚህ በሽታ ቀዶ ካከማቸው 19 ሰዎች 18ቱ እንደ ዳኑ አስታውቋል። ያን ጊዜ ፔኒሲሊን ቀርቶ ራጅ እንኳ አልነበረም። ማክዩወንን የረዳው ምልክትን በጥንቃቄ መመልከቱ ነበር። ይህንንስ ማንኛውም አስተዋይ መምህርና ወላጅ ሊያደርገው ይችላል።

እንግዲህ «የቡናው ለቀማ እስኪያልቅ ይቆይ» የሚለው ምክንያት ይቅር። ለቀማ በየዓመቱ ይመለሳል፤ ልጅ ግን አንዴ ከሞተ አይመለስም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።