ለንግግር ሕክምና የሚያመለክት ሰው ምን ይጠየቅ?

ይድረስ ለመጽሔቱ አዘጋጅ፣

የምጽፈው ስለ አንድ የመግቢያ መስፈርት ለመሟገት ነው። እዚህ አሶሳ አብራኝ የምትሠራ አንዲት መምህርት አለች፤ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ምሩቅ ናት። በንግግርና በቋንቋ ሕክምና፣ ስፒች ቴራፒ በምንለው ሙያ፣ ሁለተኛ ዲግሪዋን ልትሠራ አመለከተች። ጋት የሚባለውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና አልፋለች። አፏን የፈታችው በበርታኛ ነው፤ ዐረብኛውንም አማርኛውንም እንደ ልቧ ትናገራለች። ሰነዷን የተቀበላት ሰው ግን ውጤቷን እንኳ በቅጡ ሳያይ «የመጀመሪያ ዲግሪሽ የጤና አይደለም» ብሎ መለሳት። የተቋሙን ስም አላነሳም፤ ሌላ ቦታ ብታመለክትም ይኸው ሊገጥማት ይችላል።

እኔ የምለው፣ አመልካች ሊመዘን የሚገባው በመጀመሪያ ዲግሪው ስም አይደለም፤ የጎደሉትን ኮርሶች ለመሙላት ባለው ዝግጁነትና በሚያውቀው ቋንቋ ነው።

ሙያው ራሱ የአንድ ክፍል ንብረት አይደለም። ስለ ሳንባ፣ ስለ ማንቁርት፣ ስለ ምላስና ስለ አንጎል ማወቅ ይጠይቃል። ድምፅ እንዴት እንደሚፈጠር፣ ሕፃን ቋንቋን በምን ቅደም ተከተል እንደሚለምድ፣ ከተጨነቀ ወላጅ ጋር እንዴት እንደሚነጋገሩም እንዲሁ። አንዲት ጎበዝ ነርስ የመጀመሪያዎቹን ታውቃለች፤ ፎነቲክስን ግን ከኮርሶቿ ዝርዝር ውስጥ አታገኘውም። የሥነ ልሳን ምሩቁ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ሁለቱም እኩል ጎደሎ ሆነው ሳለ ለአንዷ በሩ ተከፍቶ በሌላው ላይ የሚዘጋበት ምክንያት አይገባኝም።

አሜሪካ ውስጥ ይህን ሙያ ለመሥራት ሁለተኛ ዲግሪ ግድ ነው። ቢሆንም በሥነ ጽሑፍ፣ በሥነ ልቦና ወይም በሒሳብ አያያዝ የተመረቀ ሰው ያመለክታል፤ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎችም ማሟያ ኮርሶችን አስቀድሞ ወይም ጎን ለጎን እንዲወስድ ያደርጉታል። ፎነቲክስ፣ የንግግርና የመስማት አካላት አሠራር፣ የሕፃናት የቋንቋ ዕድገት፣ የመስማት ምርመራ መግቢያ ከነዚህ ይገኙበታል። የአሜሪካ የንግግር፣ የቋንቋና የመስማት ማኅበር የሙያ ማረጋገጫ ለመስጠት ሥነ ሕይወት፣ ፊዚክስ ወይም ኬሚስትሪ፣ ስታቲስቲክስና ማኅበራዊ ሳይንስ ይጠይቃል፤ በላዩም 400 ሰዓት የተግባር ልምምድ አለ፣ ከዚህ ውስጥ 25ቱ በመመልከት የሚያልፉ። እንግሊዝ አገርም በሌላ መስክ ለተመረቁ የሁለት ዓመት የማስተርስ ፕሮግራም አለ። እኛስ ብንሆን ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ውጤት ላልመጣላቸው ተማሪዎች ሬሚዲያል ከፍተን የለም ወይ? ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የተፈቀደ ማሟያ ለምሩቅ ሲሆን ለምን ይነፈጋል?

ወደ ክልላችን ልምጣ። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ውስጥ በርታኛ፣ ጉሙዝኛ፣ ሽናሽኛ፣ የማኦና የኮሞ ቋንቋዎች ይነገራሉ፤ አሶሳ ገበያ ላይ ዐረብኛ ይሰማል፤ ቢሮው በአማርኛ ይሠራል። በሸርቆሌ፣ በጾሬና በባምባሲ የስደተኛ ጣቢያዎች ያሉትን ቋንቋዎች ስንጨምር ዝርዝሩ ይረዝማል።

አሁን ከክልላችን መተከል ዞን አንድ ልጅ እናስብ፣ ከነላንቃ ስንጥቁ የተወለደ። አዲስ አበባ የካቲት 12 ሆስፒታል ተወስዶ ቀዶ ሕክምና ይደረግለታል፤ ላንቃው ይዘጋል። ምላሱ ግን የለመደውን አይተውም። አየር በአፍንጫው እያመለጠ ያስቸግረው ስለነበር ልጁ በከንፈርና በምላስ መያዝ ያለበትን ድምፅ እጉሮሮው ላይ መያዝ ለምዷል። ይህን ቢላዋ አያቃናውም፤ የሚያቃናው ሳምንት በሳምንት፣ ወራት የሚፈጅ ልምምድ ነው። ለልምምድ ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር የሚመላለስ ቤተሰብ የለም።

ችግሩ ርቀት ብቻ ቢሆን ባለሙያ በአውሮፕላን ማምጣት ይቻል ነበር፤ ቋንቋውም ግን ራሱን የቻለ ችግር ነው። የአማርኛ ጥ፣ ቅ እና ጵ ማንቁርት ተዘግቶ የሚወጡ ድምፆች ናቸው፣ የጤነኛ ሰው ድምፆች። ጉሙዝኛ እነዚህን መሰል ድምፆች አሉት፤ ከዚያም አልፎ ወደ ውስጥ የሚሳቡ፣ ብ እና ድ የሚመስሉ ድምፆች አሉት፤ የቃና ከፍታና ዝቅታም የቃልን ትርጉም ይለውጣል። ይህን የማያውቅ ባለሙያ ጤነኛውን ድምፅ ሕመም ብሎ ሊያክመው፣ የታመመውን ጤነኛ ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል። «አስተርጓሚ ይያዝ» የሚሉኝ አሉ። አስተርጓሚ ልጁ ምን እንዳለ ይነግርሃል፤ እንዴት እንዳለው አይነግርህም። እንዲያውም ደግ አስተርጓሚ የልጁን ስብርባሪ ቃል አቃንቶ ነው የሚያቀብለው፤ ባለሙያው ሊሰማው የመጣው ደግሞ ስብራቱን ነው!

አዋቂዎችም ዘንድ ያው ነው። የሰፈራችን አንድ ሃጂ ስትሮክ መቷቸው ሆስፒታል ገቡ። በአማርኛ ስማቸውን ቢጠየቁ ዝም፣ የት እንዳሉ ቢጠየቁ ዝም። «መናገር አይችሉም» ተብሎ ካርዳቸው ላይ ተጻፈ። ማታ ልጃቸው በበርታኛ ስታወራቸው ግን የልጅ ልጆቻቸውን እየጠሩ ይጠይቁ ነበር፤ አንዱን ከአንዱ እያምታቱ ቢሆንም። ብዙ ቋንቋ የሚናገር ሰው አንጎሉ ሲጎዳ ሁሉም ቋንቋ እኩል ላይጎዳ እንደሚችል በሙያው የታወቀ ነው። ካርዱ የመዘገበው የአማርኛቸውን ዝምታ ብቻ ነበር።

የጤና ባለሙያዎች የሚያነሡት ተቃውሞ ቀላል አይደለም፤ አልንቀውም። የንግግር ሕክምና መዋጥ ያቃተውን በሽተኛም ይጨምራል። ምግብ ወደ ሳንባ ሲገባ የሳንባ ምች ያመጣል፤ ሰው ይሞታል። ይህን ሳያውቅ ማንኪያ ይዞ አልጋ አጠገብ የሚቀመጥ የቋንቋ ምሩቅ አደገኛ ነው። እኔም የማሟያ ኮርሱ ይቅር አላልኩም። አናቶሚውን ይውሰድ፣ ይፈተን፣ ካልቻለ ይውደቅ፤ በሽተኛንም ያለ ተቆጣጣሪ አይንካ። ፈተናውን ካለፈ በኋላ ግን ወደ ኋላ ተመልሶ «መጀመሪያ ምን ተማርክ?» ማለቱ ምን ይጨምራል? ያውም በምደባ ዲፓርትመንት በሚደርስበት አገር! ስንቱ ነው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ያልመረጠው መስክ የደረሰው።

ከሌላ ሙያ መጥቶ በዚህ ሙያ አካባቢ መሥራት ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የመሠረቱት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ይታወቁ የነበረው በውበት ሙያ ማሠልጠኛቸው ነበር። ወደ ሥራው የገቡት የኦቲዝም ልጅ እናት ሆነው ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. በ2008 የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን በዲግሪ ማስተማር ሲጀምር በቋንቋ ጥናት ጥላ ሥር እንጂ በሕክምና ፋኩልቲ አልነበረም።

ለአመልካቾችም አንድ ቃል። «ሰው መርዳት ስለምወድ» የሚል ማመልከቻ ብትጽፉ ማንም አይወቅሳችሁም፤ አንባቢው ግን እንዲህ ያለውን በክምር ነው የሚያየው። ባልደረባዬን ደጋግሜ የምነዘንዛት ይህንኑ ነው። አንድ የሚኮላተፍ ተማሪሽ የትኛውን ድምፅ በየትኛው እንደሚተካ፣ በቃል መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ልዩነት እንዳለው፣ በበርታኛና በአማርኛ ሲናገር ይለያይ እንደሆነ ጻፊ። ገጹ ላይ እንዲህ ያለች ማስታወሻ ካለች የዲግሪው ስም ሁለተኛ ይሆናል።

ይህን ትምህርት የሚሰጡም ሆነ ሊከፍቱ የሚያስቡ ዩኒቨርሲቲዎች ከሥነ ልሳን፣ ከልዩ ፍላጎት፣ ከሥነ ልቦናና ከአፍ መፍቻ ቋንቋ መምህርነት ለሚመጡ የአንድ ሴሚስተር ወይም የአንድ ዓመት ማሟያ ያዘጋጁ። የማመልከቻ ቅጹም ላይ አመልካቹ የሚናገራቸውን ቋንቋዎች ጠይቆ ነጥብ ይስጥ። አሶሳ ዩኒቨርሲቲ ከማሟያዎቹ ጥቂቶቹን እዚሁ ቢያስተምር ሥራ ላይ ያለ ሰው ደመወዙን ሳይለቅ ይጀምራል።

ለክልሉ ጤና ቢሮም ጥያቄ አለኝ። ባልደረባዬ ተምራ ስትመለስ መዋቅሩ ላይ የምትመደብበት የሥራ መደብ ካልተፈቀደ አዲስ አበባ ትቀራለች፤ ማንም አይፈርድባትም። ለመጀመሪያው ዓመት ብዙ ወጪ አይጠየቅም፦ ጸጥ ያለ አንድ ክፍል፣ መስታወት፣ በአካባቢው ዕቃዎችና እንስሳት የተሣሉ ካርዶች፣ ድምፅ የሚቀርጽ ስልክ። ደመወዙን ግን በጀት ላይ አሁኑኑ ማስያዝ ያስፈልጋል።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የቋንቋ መምህር
ከአሶሳ